ቡና ተፈጥሮ ከሆነ ወንዙን ምን አጠቆረው?

ጥያቄው በአጭሩ፦ «ቤተሰቦቼ ከአጋሮ ወጣ ብሎ ነው ያሉት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ፍሬሽማን ጨርሼ ዲፓርትመንት ልመርጥ ነው፣ ኢንቫይሮመንታል ሳይንስ ልገባ አስቤ ነበር ግን ሁሉም ሰው ችግኝ መትከል ለመማር ይሄን ሁሉ ዓመት ይለኛል። ከቤታችን በታች ያለው ወንዝ ቡና መታጠብ ሲጀመር ይጠቁራል፣ ይሸታል፣ ከብቶቹ እንኳን አይጠጡትም። አባቴ ግን ቡና ተፈጥሮ ነው ኬሚካል የለበት እንዴት ይበክላል ይላል። ትምህርቱ እንደዚህ አይነቱን ነገር ያስተምራል ወይ? ስራስ አለው?»

እህቴ፣ ከአባትሽ ልጀምር። እሳቸው የጠየቁትን በደንብ ከመለስን ትምህርቱ ምን እንደሆነ አብሮ ይወጣል፣ የስራውን ነገር ወደ መጨረሻ እመጣበታለሁ።

አባትሽ ያሉት ግማሹ ልክ ነው። እሸት ቡና መፈልፈያ ውስጥ ማንም መርዝ አይጨምርም፣ ውሃ አለ፣ ማሽን አለ፣ ማብላያ ገንዳ አለ፣ በቃ። ችግሩ ከራሱ ከቡናው የሚወጣው ነገር ብዛት ነው። 1 ኪሎ ንፁህ ቡና ለማግኘት ከ5 እስከ 6 ኪሎ ቀይ እሸት ይሄዳል፣ የቀረውስ የት ገባ? ቀዩ ልጣጭ አለ፣ ፍሬው ላይ ተለጥፎ የሚያሙለጨልጨው ነገር አለ፣ እሱ ስኳርና ፔክቲን ነው፣ ታኒን አለ፣ ካፌይን አለ፣ ሌላው ውሃ ነው። ልጣጩ ማሽኑ ጎን ተከምሮ ዝናብ እስኪያገኘው ይቆያል፣ ስኳሩና ዝልግልጉ ግን ከማጠቢያው ውሃ ጋር ሟሙቶ በቦዩ ይወርዳል። ሲብላላ ደሞ ይኮመጥጣል፣ ፒኤቹ (የኮምጣጣነት መለኪያው) 4 አካባቢ የሆነ ውሃ ነው ወንዙ ውስጥ የሚገባው።

አሁን ወንዙ ውስጥ ላሉት ባክቴሪያዎች ይሄ ድግስ ነው፣ ይበላሉ ይራባሉ፣ ሲበሉ ግን ውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፣ ኦክስጅን ሲያልቅ አሳው፣ ትሉ፣ ቀንድ አውጣው አብዛኛው ይታፈናል። ወንዝ ለመግደል መርዝ አያስፈልግም፣ ምግብ ማብዛት ይበቃል። ቢኦዲ የሚባለው ልኬት ይሄን ነው የሚለካው፦ ውሃውን ጠርሙስ ውስጥ አየር ሳይቀር ዘግተሽ በ20 ዲግሪ ጨለማ ውስጥ 5 ቀን ታቆዪዋለሽ፣ መጀመሪያ የነበረውን ኦክስጅንና መጨረሻ ላይ የቀረውን ትለኪያለሽ፣ ልዩነቱ ባክቴሪያዎቹ የተጠቀሙት ነው። የቤት ፍሳሽ ቢኦዲ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት መቶ ሚሊግራም በሊትር ነው፣ የቡና ማጠቢያ ፍሳሽ ግን በሺዎች ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ በንፁህ ውሃ ሳታቀጥኚው ብትለኪ በ5ኛው ቀን ጠርሙሱ ውስጥ ዜሮ ነው የምታገኚው፣ ዜሮ ደሞ ምንም አይነግርሽም፣ ምናልባት ገና በመጀመሪያው ቀን አልቆ ይሆናላ። ላብ ላይ ተማሪ ሁሉ የሚሸወድባት ነገር ይቺ ናት።

ኦክስጅኑ ሲያልቅ ታሪኩ አያልቅም፣ ኦክስጅን የማይፈልጉት ባክቴሪያዎች ተራውን ይረከባሉ። የበሰበሰ እንቁላል የሚመስለው ሽታ የነሱ ነው፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይባላል። ጥቁረቱም ግማሹ ከዚሁ ነው፣ ሰልፋይዱ ከብረት ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል፣ የኛ አገር አፈር ደሞ ቀይ የሆነው ብረት ስላለበት ነው፣ ስለዚህ ብረት አይታጣም። ሌላው ጥቁረት ከልጣጩ ከሚወጣው ቀለም ነው የሚመጣው። ለአባትሽ ይሄን ብቻ ብትነግሪያቸው ይበቃል ባይ ነኝ፣ «ተፈጥሮ ነው» ማለት ወንዙ ያን ሁሉ በአንዴ ይችለዋል ማለት እንዳልሆነ ገበሬ ሰው ቶሎ ይገባዋል፣ ፍግም ተፈጥሮ ነው ግን አንድ ችግኝ ስር አንድ ጋሪ ፍግ አይደፉም።

ከዛ ደሞ ጊዜው አለ፣ እኔ በጣም ክፉ የምለው እሱን ነው። እዚህ ጅማና አካባቢዋ ክረምቱ እየለቀቀ ሲሄድ ነው እሸቱ የሚደርሰው፣ ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ባለው ጊዜ። ማለትም ወንዙ በየሳምንቱ እየቀጠነ ነው፣ ማጠቢያዎቹ ደሞ በየሳምንቱ እየበረቱ ነው። ሐምሌ ላይ ቢሆን ጎርፉ ያቀጥነው ነበር። ህዳር ላይ ግን የሚያቀጥን ውሃ የለም፣ ይባስ ብሎ ማሽኑ ራሱ ንፁህ ውሃውን ከዛው ወንዝ ስቦ ነው የሚሰራው። ስለዚህ አንድ ሰው በነሐሴ ሄዶ ሳምፕል ወስዶ «ወንዙ ጤነኛ ነው» ብሎ ሪፖርት ቢፅፍ አልዋሸም፣ ግን ምንም አላወቀም ማለት ነው።

ትምህርቱ እንግዲህ ይሄ ነው። ችግኝ መትከል አይደለም (ችግኝ መትከል ጥሩ ነው፣ ግን ለሱ ዲግሪ አያስፈልግም)። ትምህርቱ «ሰው ተፈጥሮን ጎዳ» የሚለውን አረፍተ ነገር ይዞ ከምን ጋር ስታነፃፅረው? የት ቦታ? በምን ሰዓት? ብሎ ማስጨነቅ ነው። በካይ ነው ማለት ቀላል ነው፣ ማንም ይለዋል። ከማጠቢያው በላይ ካለው ውሃ ጋር አነፃፅረሽ፣ ከማጠቢያው ወቅት በፊት ከነበረው ጋር አነፃፅረሽ፣ ማጠቢያ ከሌለው ጎረቤት ወንዝ ጋር አነፃፅረሽ ከዛ በኋላም ልዩነቱ ከቀረ ያኔ ነው አፍ ሞልቶ የሚወራው።

ምሳሌ ልስጥሽ። ኦክስጅን መለኪያው 7.2 ሚሊግራም በሊትር አለሽ እንበል። የፈረንጅ ቴክስትቡክ ከፍተሽ ብታዪ በ20 ዲግሪ ሙሉው 9.1 አካባቢ ነው ይላል፣ እና ወንዙ ተጎድቷል ብለሽ ልትፅፊ ነው። ግን 9.1 ባህር ጠለል ላይ ላለ ሰው ነው። ጅማ ከባህር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ውሃው ሊይዝ የሚችለው ሙሉ ኦክስጅን 7.4 አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ያ 7.2 ያልሽው ወንዝ ምንም አልሆነም። በተቃራኒው ደሞ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ፀሀይ ጠራርጎ እየወጣ ስትለኪ ድንጋዩ ላይ ያለው አረንጓዴ አልጌ ኦክስጅን እያመረተ ስለሆነ ቁጥሩ ያማረ ይሆናል፣ የዛኑ ወንዝ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ብትለኪው ሊያስደነግጥሽ ይችላል፣ ሌሊቱን ሙሉ ሁሉም ሲተነፍስ አድሮ ማንም አላመረተማ። ፊልድ የሚወጣ ሰው ሁሉ ቁርስ በልቶ፣ መኪና ጠብቆ፣ ቦታው ላይ የሚደርሰው ከ5 ሰዓት በኋላ ነው፣ እና ወንዞቻችን በወረቀት ላይ ከእውነቱ ይልቅ ደህና ሆነው የሚታዩት አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

የቦታውም ነገር እንደዛው ነው። ሰው ፍሳሹ የሚገባበት ቧንቧ ስር ሄዶ ይለካል፣ ኦክስጅኑ ግን በጣም የሚወርደው እዛ ላይ አይደለም፣ ባክቴሪያዎቹ እየበሉ ኦክስጅኑን ሲቀንሱት ውሃው እየሄደ ስለሆነ ወረድ ብሎ ነው፣ ከዛ ወንዙ ድንጋይ ለድንጋይ እየተጋጨ አየር ሲያገኝ ቀስ በቀስ ያገግማል፣ ታች ሌላ ማጠቢያ ካልጠበቀው። ችግሩ ይጠብቀዋል፣ እናንተ ጋ ጎማ ወረዳ ውስጥ ማጠቢያዎቹ አንድ ወንዝ ላይ ተደርድረው ነው ያሉት፣ ስለዚህ የላይኛው ማጠቢያ «በታች» ያለው የታችኛው ማጠቢያ «በላይ» ይሆናል፣ ማን ምን ያህል እንዳበላሸ ለመለየት ራስ ያዞራል።

መሳሪያ ከሌለሽ ደሞ ትሎቹ አሉ፣ እኔ በግሌ ከመሳሪያው በላይ የማምነው እነሱን ነው ምክንያቱም መሳሪያ የዛችን ደቂቃ ነው የሚነግርሽ፣ ትል ግን እዛው ስለሚኖር ያለፉትን ሳምንታት ሁሉ ይነግርሻል። ከማጠቢያው በላይ ውሃው ፈጠን የሚልበት ቦታ ላይ የጭብጥ መጠን ያለው ድንጋይ አውጥተሽ ገልብጪው። ጠፍጠፍ ያለ፣ ጭራው አብዛኛውን ጊዜ ሶስት የሆነ፣ ከሆዱ ጎንና ጎን እንደ ላባ የሚርገበገቡ ነገሮች ያሉት ነፍሳት ታያለሽ፣ የሚርገበገቡት መተንፈሻው ናቸው፣ ኤፌሜሮፕቴራ ይባላል። ከአሸዋና ከቅጠል ቁራጭ ቤት ሰርቶ ውስጡ የተቀመጠ ትልም ታያለሽ፣ እሱ ትሪኮፕቴራ ነው። ሁለቱም ጥሩ ኦክስጅን ይፈልጋሉ (ሁሉም ዝርያ እኩል ባይሆንም)። ከዛ ከማጠቢያው በታች ሄደሽ ተመሳሳይ ድንጋይ ገልብጪ፣ ድንጋዩ ላይ ግራጫ የሚያሙለጨልጭ ነገር ተለብጦ ደም የመሰሉ ቀያይ ቀጫጭን ትሎች ሲተራመሱ ካየሽ ነገሩ አልቋል። ቀይ የሆኑት እንደኛ ሂሞግሎቢን ስላላቸው ነው፣ ትንሿንም ኦክስጅን አጥብቀው ይይዛሉ፣ ኪሮኖሚድ ነው ስማቸው። ከሱ የባሰ ቦታ ደሞ ረጅም ጭራ ያለው ወፍራም ትል አለ፣ ጭራው ጭራ አይደለም፣ ከውሃው በላይ አውጥቶ አየር የሚስብበት ቱቦ ነው፣ ማለትም ውሃው ውስጥ ካለው ኦክስጅን ምንም አይጠብቅም። አንድ ማስጠንቀቂያ፣ የፈረንጅ መፅሀፍ ፕሌኮፕቴራ የሚባል ሶስተኛ ነፍሳት ፈልጊ ይልሻል፣ እሱ የኛ ወንዞች ውስጥ እምብዛም ስለሌለ አጣሁት ብለሽ ወንዙን አትፍረጂበት።

ይሄው የማነፃፀር ነገር ወንዝ ብቻ አይደለም፣ ጫካውም ላይ ነው፣ እዛ እንደውም ይከብዳል። እናንተ አካባቢ ያለው የቡና ጫካ ከሩቅ ሲታይ ደን ነው፣ ሰሳው አለ፣ ዋንዛው አለ፣ ብርብራው አለ። ውስጡ ግቢና ወደ መሬት ተመልከቺ። በየዓመቱ ቡናው ስር ሲመነጠር አረሙ ብቻ አይደለም የሚሄደው፣ የትልልቅ ዛፎች ቡቃያም አብሮ ይሄዳል፣ ገበሬው ለጥላ የሚመቸውን ሰሳና ዋንዛ ያስቀራል፣ እንደ ቀረሮ ያለው ቀስ ብሎ የሚያድግ የጥንት ዛፍ ግን ሽማግሌው ቆሞ ተተኪ የለውም። የዛሬ ምስል ብታነሺ ደን ነው፣ ያ ሽማግሌ ሲወድቅ ግን ምን ይተካዋል ስትዪ መልሱ ቡና ነው። በሌላ በኩል ደሞ ይሄን ብቻ ይዞ ቡና ደን ያጠፋል ብሎ መፍረድ ትልቅ ስህተት ነው፣ ቡናው ባይኖር እኮ ያ መሬት የበቆሎ ማሳ ወይ ባህር ዛፍ ወይ ጫት ነበር የሚሆነው፣ ወፎቹም ጥላው ስር ካለው ቡና ውስጥ ከበቆሎ ማሳ በጣም የተሻለ ኑሮ ነው ያላቸው። ከተነካ ጫካ ጋር ስታነፃፅሪው አንድ መልስ፣ ካልተነካ ጋር ሌላ መልስ፣ ከበቆሎ ጋር ሌላ መልስ። ሶስቱም ልክ ናቸው፣ ተማሪ የሚያስፈልገው የትኛውን እንደጠየቀ ማወቅ ነው።

ጫካው ለአባትሽም ለኪሳቸው ነው በነገራችን ላይ። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ሲገባ ፍሬውን ዛፉ ላይ እያጠቆረ ገበሬውን አስለቅሶ ነበር፣ ያኔ የተደረገው በሽታው ያልነካቸውን ዛፎች ጫካ ለጫካ ዞሮ መፈለግ ነው፣ ከተገኙት ውስጥ 74110 እና 74112 የሚባሉት እ.ኤ.አ. በ1974 ከኢሉባቦር መቱ አካባቢ የተመረጡ ናቸው፣ ጅማ መልኮ ያለው የምርምር ማዕከል ነው ለገበሬ ያደረሳቸው። አባትሽ ጋ ከሁለቱ አንዱ ሳይኖር አይቀርም፣ ጠይቂያቸው። ያ ጫካ ያኔ ተመንጥሮ ቢሆን ኖሮ የት ይፈለግ ነበር?

ወንዙ ወዴት ይሄዳል የሚለውንም ተከታተዪ፣ ለምሳሌ የኛ ከተማ የጅማ ወንዝ አዌቱ ከተማውን ሰንጥቆ ቆሻሻውን ሁሉ ሰብስቦ ወደ ቦዬ ረግረግ ነው የሚወርደው፣ ረግረጉን ደሞ ለጡብ የሚሆን ጭቃ ቆፋሪውም፣ አራሹም፣ ባህር ዛፍ ተካዩም ከየአቅጣጫው ይዘውታል። ከዛ ግልገል ጊቤ ነው፣ ከዛ ኦሞ፣ መጨረሻው ቱርካና። መሀል ላይ እ.ኤ.አ. በ2004 ስራ የጀመረው 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ አንድ ግድብ አለ፣ ከኛ ማሳ የታጠበው አፈር ሁሉ እዛ ነው የሚተኛው። ስለዚሁ ግድብ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሉበት ጥናት አለ፣ ከሀይቁ በ3 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያሉ ህፃናት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ርቀው ካሉት የበለጠ ወባ እንደተገኘባቸው ያሳያል። ይሄን ለምን አነሳሁልሽ፣ መጀመሪያ «መብራት ለማመንጨት የተሰራ ነገር ትንኝ ሊያራባ ይችላል» የሚለውን እንድታስቢው፣ ሁለተኛ ደሞ ወዲያው «የአንድ ወቅት ልኬት ብቻውን ግድቡ ነው ያመጣው ለማለት ይበቃል ወይ?» ብለሽ እንድትጠይቂ። አይበቃም፣ ልጆቹን በየወቅቱ መከታተል ያስፈልጋል። እንደዚህ ስትጠይቂ አስተማሪሽ ይወድሻል ወይ ይሰለችሻል፣ እንደ ሰውየው ነው።

አሁን ስራ። አልዋሽሽም፣ ከተመረቁት ውስጥ ቤታቸው የተቀመጡ አሉ፣ የወረዳ አካባቢ ጥበቃ ፅህፈት ቤት ደሞዝም የሚያኩራራ አይደለም። ህጉ አለ፣ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 እና የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ካወጣናቸው 20 ዓመት አልፏቸዋል፣ ግን ግምገማው ብዙ ጊዜ ከሌላ ፕሮጀክት ተገልብጦ ስሙ ተቀይሮ የሚቀርብ ወረቀት ነው፣ አንብበሽ ስታዪው የጅማው ፋብሪካ ሪፖርት ውስጥ የአፋር ዕፅዋት ታገኚያለሽ ብልሽ አጋነንኩ አይባልም። ስለዚህ ወረቀቱን ብቻ ይዘሽ ከወጣሽ ትቸገሪያለሽ፣ እጅሽ ላይ የሚሰራ ነገር ይዘሽ ከወጣሽ ግን ተፈላጊ ነሽ።

ምን ይሁን እሱ ካልሽኝ ካርታ። የአውሮፓ ህብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ህግ አለ፣ ከዲሴምበር 31, 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በተተከለበት መሬት የበቀለ ቡና ገበያዬ አይገባም የሚል፣ ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ሲራዘም ቆየ እንጂ ላኪዎቹ ሁሉ እያንዳንዱ ገበሬ ማሳ የት እንዳለ በካርታ እንዲያሳዩ ይፈልጋል። እና ከላይ ያልኩሽ ጫካ እዚህ ጋ ተመልሶ ይመጣል፣ ሳተላይቱ ከላይ ሲያየው የጥላ ቡናውና ደኑ አንድ ናቸው፣ የአባትሽን የድሮ ቡና ደን ብሎ ሊቆጥረው ይችላል፣ ጥላውን ሲያሳሱት ደሞ ደን ተጨፈጨፈ ብሎ ሊያሳጣቸው ይችላል። የደን ትርጉሙ ራሱ አይገጥምም፣ በኛ አገር ቁመቱ 2 ሜትር ሽፋኑ 20 በመቶ የሆነ 0.5 ሄክታር ነው፣ የአውሮፓው ህግ 5 ሜትርና 10 በመቶ ብሎ 0.5 ሄክታር ይላል። ይሄን ልዩነት ገብቶት ጂፒኤስ ይዞ ማሳው ድረስ ሄዶ ከገበሬው ጋር በአፋን ኦሮሞ ተነጋግሮ ማረጋገጥ የሚችል ሰው ቢሮ ቁጭ ብሎ ምስል ከሚያይ ሰው በብዙ ይበልጣል፣ አንቺ ቋንቋውም ቡናውም ከቤት አለሽ። ኪውጂአይኤስ የሚባለው ነፃ የካርታ መስሪያ ሶፍትዌር ነው፣ ክረምቱን ተማሪው። ስታትስቲክስም አትሽሺ፣ እሱን ፈርተው ዲፓርትመንት የሚቀይሩ ተማሪዎች አሉ፣ ከሚታሰበው በጣም ይቀላል። ኬሚስትሪው ግን አይቀልም፣ እውነቱን ልንገርሽ።

ማጠቢያውን ራሱ ማስተካከል ይቻላል ወይ ብለሽ ካሰብሽ ይቻላል፣ ኢኮ ፐልፐር የሚባሉት ማሽኖች ዝልግልጉን በመፈተግ ስለሚያወልቁት የሚፈጁት ውሃ በጣም ትንሽ ነው፣ ልጣጩ ከአፈርና ከፍግ ጋር ተደርቦ ኮምፖስት ይሆናል፣ ፍሳሹ ደሞ ወንዙ ዳር ሳይሆን ራቅ ብሎ ጉድጓድ ለጉድጓድ እየተላለፈ ቆይቶ በቬቲቨር ሳር ውስጥ ቢያልፍ ብዙ ይቀንሳል። ጉድጓዱ ትንሽ ሆኖ ህዳር አጋማሽ ላይ ሞልቶ ሌሊት ሌሊት የሚለቀቅበት ነገር ነው ብዙ ቦታ የሚያበላሸው። በቀን ብቻ የሚለካ ሰው ይሄንንም አያየውም።

እና ዲፓርትመንቱን ምረጪ ነው የምልሽ፣ ግን ከመምረጥሽ በፊት ይሄ ህዳር እንዳያልፍሽ። ከማጠቢያው በላይና በታች፣ ተመሳሳይ ፍጥነት ያለው ቦታ ላይ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ እኩል ቁጥር ያለው ድንጋይ ገልብጠሽ ያየሽውን ደብተር ላይ ፃፊ፣ አንዱን ቀን ንጋት ላይ አድርጊው። ጓንት አድርጊ፣ ውሃው ቆዳ ያሳክካል። ወደ ወንዙ ከመውረድሽ በፊት ደሞ የማጠቢያውን ሃላፊ ወይ የማህበሩን ሊቀመንበር ሰላም ብለሽ ምን እንደምትሰሪ ንገሪያቸው፣ ብትችዪ ከአባትሽ ጋር ሂጂ። ሳይነገራቸው ወንዝ ዳር ጠርሙስ ይዞ የሚዞር ሰው ካዩ ከሳሽ ነው ብለው በር ይዘጉብሻል፣ ከነገርሻቸው ግን ውሃውን ስንት ሰዓት እንደሚለቁት ራሳቸው ይነግሩሻል።